አሥር ወር ቁጠሩ

በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በብድር ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር፤ ጨንቻ



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ኪራይ ክፍል ነው። ቀደም ሲል ወደ ኮሚቴያችን የሚመጣው የብድር ጥያቄ በአብዛኛው ለጥጥ መግዣ፣ ለበግ ማድለቢያ፣ ለአፕል ችግኝ ነበር። አሁን ግን “ግቢዬ ውስጥ ሁለት ክፍል ሠርቼ ላከራይ” የሚል ጥያቄ በዝቷል። አያስገርምም። መምህሩ፣ ነርሷ፣ የመንግሥት ሠራተኛው ጨንቻ ሲመደቡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ቤት ነው። ከየገጠር ቀበሌው ለትምህርት ወደ ከተማ የሚመጡ ልጆችም ክፍል ይከራያሉ። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ በሽመና የሚኖሩ ባሎቻችንና ወንድሞቻችንም ገንዘብ ሲልኩ “ቤት ጨምሪበት” ይላሉ። ክፍል እንደ በግ አይታመምም፣ እንደ አፕል በበረዶ አይመታም ብለን እናስባለን።

እኛም እንደዚያ አስበን ነበር። ስለዚህ ምክር ከመስጠታችን በፊት የራሳችንን ስህተት እንናገራለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት አባላችን ለሁለት ክፍል ብድር ጠየቀች። ታታሪ ናት፤ ፈትሏ ገበያ ላይ ከሁሉ ቀድሞ የሚሸጥላት፣ ቁጠባዋን አንድም ወር አሳልፋ የማታውቅ። ኮሚቴው ተሰብስቦ የወር ኪራዩን በአሥራ ሁለት አባዛ፤ ከብድሩ ክፍያ በልጦ ተገኘ፤ ፈቀድን። ክፍሎቹ ተሠሩ፣ መስከረም ላይ ተማሪዎች ገቡባቸው። ሁላችንም ተደሰትን። ሰኔ ሲያልቅ ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ሄዱ። ሐምሌና ነሐሴ ክፍሎቹ ባዶ ሆኑ። የክረምቱ ውሃ ደግሞ በኋላ በኩል የአንደኛውን ክፍል ግድግዳ አራሰው። ኪራይ በሌለበት ወር የብድር ክፍያ ነበረ፣ የጥገና ወጪ ተጨመረ። እህታችን ሳትነግረን የምታልባትን ላም ሸጠች። ክፍያዋን በቀኑ አስገባች፤ እኛም “ጎበዝ” አልናት። ላሟ መሸጧን የሰማነው ለመስቀል ቅቤ ስትገዛ ያየቻት ጎረቤት ከነገረችን በኋላ ነው።

ይህን የምንናገረው እሷ ስለፈቀደችልን ነው። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። እኛ አሥራ ሁለት ወር ቆጠርን፤ የጨንቻ ተማሪ የሚከራየው ግን አሥር ወር ነው።

እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። የምንጠቅሳቸው ቁጥሮች ለማስላት እንዲመቹ የመረጥናቸው ናቸው፤ እያንዳንዳችሁ በራሳችሁ ዋጋ ተኳቸው።

ሁለት ክፍል አለን እንበል፤ እያንዳንዱ በወር 1,500 ብር ይከራያል። በአሥራ ሁለት ወር 36,000 ብር ይሆናል። የብድሩ ክፍያ በወር 2,800፣ በዓመት 33,600 ብር ነው። በወረቀት ላይ 2,400 ብር ተረፈን። አሁን እውነተኛውን እንቁጠር። ክረምቱን ስናወጣ ኪራዩ የአሥር ወር፣ ማለትም 30,000 ብር ነው። ከዚያ ላይ ለጥገና 3,000፣ ለግብርና ለልዩ ልዩ ክፍያ 2,000 ብር እንቀንስ። እጃችን ላይ የሚቀረው 25,000 ብር ነው። ክፍያው ያው 33,600 ነው። የተረፈን የመሰለን 2,400 ብር ወደ 8,600 ብር ጉድለት ተለወጠ። ያች ላም የተሸጠችው በዚህ ጉድለት ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ መንገድ እንይ። አንድ ክፍል ብቻ፤ ግማሹ ወጪ ከራስ ቁጠባ፣ ግማሹ ከብድር። ክፍያው በወር 1,000፣ በዓመት 12,000 ብር ይሁን። የአሥር ወር ኪራይ 15,000 ብር ነው። ለጥገናና ለግብር 2,500 ብር ሲወጣ 12,500 ይቀራል። ትርፉ 500 ብር ብቻ ነው። ትንሽ ናት፤ ግን ላም አላሸጠችም። ብድሩ ሲያልቅ ክፍሉ የራስ ነው፤ ያን ጊዜ ኪራዩ ሁለተኛውን ክፍል ይሠራል።

ይህ ለእኛ አዲስ ትምህርት መሆን አልነበረበትም። እንሰት ተክሎ በዓመቱ የሚፍቅ ማን አለ? እናቶቻችን ጓሯቸው ውስጥ ትንሹን፣ መካከለኛውንና የደረሰውን እንሰት ጎን ለጎን ያቆማሉ። አንዱ ሲፋቅ ሌላው ይከተላል። ክፍልም እንደዚሁ በተራ ይተከል።

ሁለተኛው ነገር ወረቀት ነው።

በመካከላችን ያላችሁ ታላላቆቻችን በ1967 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 47 ታስታውሳላችሁ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተተወለት። ከዚያ ዘመን የቀረ ፍርሃት ዛሬም በአንዳንድ ቤት አለ፤ “ሁለተኛ ቤት አይበጅም” የሚል። ዛሬ ቤት ሠርቶ ማከራየት የተፈቀደ ሥራ ነው። ሆኖም በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነና እንደማይሸጥ ይናገራል። የእኛ የሚሆነው በላዩ ላይ የሠራነው ቤት ነው። ስለዚህ ማንም ሰው “መሬት ልሽጥልሽ” ሲል ቆም ብላችሁ አስቡ።

በተለይ ከከተማው ዳር ያለ የእርሻ ቦታ በርካሽ ይቀርባል። ሻጩ ጎረቤት ነው፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ወረቀት ይጻፋል፣ ምስክር ይፈርማል። የገጠር መሬት ግን በሽያጭ አይተላለፍም። ሽማግሌዎቻችን የሚከበሩ ናቸው፤ በጋሞ ምድር ዕርቅ ያለ እነሱ አይሆንም። የእነሱ ፊርማ ግን የማዘጋጃ ቤት መዝገብን አይተካም። በእንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ በሌሊት የሚቆመውን ቤት በከተማ “ጨረቃ ቤት” የሚሉት ያለ ነገር አይደለም። ሌሊት የቆመ ቤት ቀን ሲፈርስ ካሳ የሚጠየቅበት ወረቀት የለውም።

የተሠራ ቤት የምትገዙ ከሆነ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። ካርታው በማን ስም ነው? ሻጩ ራሱ ነው ወይስ ወራሽ ነው? ወራሽ ከሆነ ሌሎቹ ወንድሞችና እህቶች የት አሉ? አዲስ አበባ ያለው ወንድም ያልፈረመበት ሽያጭ ለመስቀል ወደ አገሩ ሲመለስ ክርክር ይዞ ይመጣል። ቤቱ በባንክ ተይዟል? በፍርድ ቤት ታግዷል? ይህን ከሻጩ አፍ አትቀበሉ፤ ከሻጩ ጋር ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ከፋይሉ አረጋግጡ። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ዘንድ መመዝገብ አለበት፤ ሥራው የሚያልቀውም ስሙ ወደ እናንተ ሲዛወር ነው።

በራሳችሁ ግቢ የምትሠሩም ብትሆኑ የግንባታ ፈቃድ አስቀድማችሁ ጠይቁ። “የራሴ ግቢ አይደለም ወይ?” የምትል እህት አለች። ነው። ያለ ፈቃድ የተሠራ ክፍል ግን በካርታው ላይ የለም፤ ስትሸጥም ስታስይዝም እንደሌለ ይቆጠራል።

ከወረቀት ሳንወጣ ስለ ስም እንናገር። አንዳንድ እህቶቻችን ብድሩን በስማቸው ወስደው፣ ድንጋዩን በራሳቸው ትከሻ አሸክመው፣ ካርታው ላይ ስማቸው የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደርና የማስተላለፍ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በቤተሰብ ሕጋችንም ባልና ሚስት በጋራ ያፈሩትን ቤት አንዱ ብቻውን ሊሸጠው አይችልም፤ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ይህ እናንተንም ይመለከታል፤ ከባለቤታችሁ ተደብቃችሁ አትሥሩ፣ እሱም ተደብቆ አይሽጥ። ከሁሉ የሚሻለው የሁለታችሁም ስም ካርታው ላይ መኖሩ ነው። ይህን ጥያቄ በሰላም ጊዜ፣ ቡና ተፈልቶ ሳለ ማንሳት ይቀላል። ጠብ ከመጣ በኋላ፣ ወይም ከቀብር በኋላ ከባድ ነው።

ሦስተኛው ነገር ቤቱ ራሱ ነው።

የዶርዜን የቀርከሃ ቤት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አዲስ ሲሠራ በጣም ረጅም ነው። ከመሬት ጋር የተገናኘው የታችኛው ክፍል በምስጥና በእርጥበት ሲበላ ባለቤቱ እሱን ይቆርጠዋል፤ ቤቱ በየጊዜው እያጠረ ለብዙ ዓመት ያገለግላል። አባቶቻችን ቤት ከሥር እንደሚበላ አውቀው ነው አስረዝመው የሚጀምሩት። የእኛ የጭቃ ቤት ግን ተቆርጦ አያጥርም። ከሥር ከተበላ ይወድቃል።

ስለዚህ በጨንቻ ዝናብና ጉም ውስጥ ገንዘብ የሚቆጠበው ከቀለምና ከጌጥ ላይ ይሁን እንጂ ከመሠረት፣ ከጣሪያና ከውሃ መውረጃ ላይ አይሁን። መሠረቱ ድንጋይ ይሁን፤ ከመሬት ከፍ ይበል። ቆርቆሮው ከግድግዳው ወጣ ብሎ ይሸፍን። አሸንዳ ይኑረው። ቦታችን ተዳፋት ስለሆነ ከላይ የሚወርደውን ጎርፍ የሚያሳልፍ ቦይ ከቤቱ በስተኋላ ይቆፈር። የእህታችን ግድግዳ የራሰው ይህ ቦይ ስላልነበረ ነው። ቦዩን በአንድ ቀን ሁለት ሰው ይቆፍረው ነበር።

መብራት ሌላው የጠብ ምንጭ ነው። በአንድ ቆጣሪ ሦስት ቤት ሲጠቀም፣ አንዱ በምድጃ አንዱ በአምፖል ሲሆን፣ ወር በመጣ ቁጥር ክርክር ነው። የተለየ ቆጣሪ ማስገባት ካልተቻለ ሒሳቡ እንዴት እንደሚካፈል ከመግባታቸው በፊት ተስማምታችሁ በውሉ ላይ ጻፉት።

አራተኛው ነገር ተከራዩ ነው።

ተከራይን እንደ እንግዳ ተቀብለው በሳምንቱ እንደ ባላጋራ የሚያዩ አሉ። ተከራይ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ቤቱን እሱ ይጠብቅልናል፣ ክፍያችንን እሱ ይከፍልልናል። መምህር ወይም ጤና ባለሙያ ክረምቱንም ሊቆይ ስለሚችል ኪራዩ ጥቂት ቢያንስም በዓመቱ መጨረሻ ሊበልጥ ይችላል። በወር 1,500 የሚከፍል ተማሪ በአሥር ወር 15,000 ብር ያመጣል፤ በወር 1,350 የሚከፍል ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ መምህር 16,200 ብር ያመጣል። ኪራይ ስትደራደሩ ወሩን ብቻ ሳይሆን ዓመቱን አስቡ።

ውል በጽሑፍ ይሁን። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አጽድቋል። በአዋጁ መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ ይደረጋል፤ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ከሁለት ዓመት ያነሰ አይሆንም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል፤ ጭማሪም በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ አይደረግም። አዋጁ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራ ሲሆን፣ በክልል ደግሞ ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ ከማከራየታችሁ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ በእኛ ከተማ ምን እንደሚሠራ ጠይቁ። አዋጁ በደረሰበትም ባልደረሰበትም የተጻፈ ውል አይጎዳም። የሁለቱ ስም፣ የኪራዩ ልክ፣ የሚከፈልበት ቀን፣ የመብራቱና የውሃው ድርሻ፣ ለመልቀቅ ስንት ጊዜ አስቀድሞ እንደሚነገር፣ ሲገቡ የክፍሉ ሁኔታ ምን እንደነበር ይጻፍበት። ኪራዩ በባንክ ሲገባ ደግሞ “ከፍያለሁ”፣ “አልከፈልክም” የሚባል ነገር አይኖርም፤ ሌላ ብድር ስትጠይቁም ገቢያችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ነው።

የኪራይ ገቢ ግብር እንዳለበት አትርሱ። በገቢ ግብር ሕጋችን “ሠንጠረዥ ለ” የሚባለው ይህ ነው። የቆርቆሮውን፣ የሚስማሩን፣ የሠራተኛውን ደረሰኝ በአንድ ፌስታል ሰብስባችሁ አስቀምጡ። ገቢዎች ቢሮ ስትሄዱ በእጅ ያለ ደረሰኝ ይናገርላችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ እንደ እናት እንናገር። ከሩቅ ቀበሌ ለትምህርት መጥተው ብቻቸውን የሚከራዩ ሴት ልጆች አሉ። ሳምንቱን የሚበሉትን ከቤታቸው ተሸክመው ይመጣሉ። ለእነሱ ክፍል ስትሠሩ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ ይሁን፤ መስኮቱ ብረት ይኑረው፤ ሽንት ቤቱ ከግቢው አጥር ውስጥ ሆኖ ማታ መብራት ይድረሰው። ወጪው ብዙ አይደለም። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ የገባች ልጅ ትምህርቷን ሳታቋርጥ ትጨርሳለች፤ በሚቀጥለው ዓመት ታናሽ እህቷም እዚያው ትገባለች። የገጠር አባት ልጁን የት እንደሚያስቀምጥ የሚጠይቀው ቀድሞ ያስቀመጠውን ሰው ነው። መልካም ስም ደላላ አያስፈልገውም።

እህቶቻችን፤ ይህን ሁሉ የምንናገረው ብድር ለመከልከል ፈልገን አይደለም። የምናበድረው ገንዘብ የማን እንደሆነ ስለምናውቅ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው በማታ ኩራዝ ላይ ጥጥ የፈተለች እናት ብር ነው፤ ቆጮ ሸጣ የመጣች መበለት ብር ነው። አንዷ ክፍል ሳይከራይላት ቀርቶ መክፈል ቢያቅታት የሚጎድለው የእነሱ ነው። እህታችን ላሟን የሸጠችውም ይህን ስላወቀች፣ እኛን ላለማሳፈር ብላ ነው። ከእንግዲህ አንዲት አባል እኛን ላለማሳፈር ስትል ንብረቷን በድብቅ እንድትሸጥ አንፈልግም።

ስለዚህ ኮሚቴው ለዚህ ጉባኤ የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለኪራይ ክፍል የሚሰጥ ብድር፤ አንደኛ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ክፍል ብቻ ይሁን። ሁለተኛ፣ ቢያንስ ግማሹን ወጪ ተበዳሪዋ በቁጠባዋ ትሸፍን። ሦስተኛ፣ ኪራዩ በአሥር ወር ይሰላ። አራተኛ፣ የሐምሌና የነሐሴ ክፍያ ብድሩ ሲወጣ ጀምሮ በቁጠባ ደብተሯ ተለይቶ ይቀመጥ። አምስተኛ፣ ካርታውንና ፈቃዱን ሁለት የኮሚቴ አባላት በዓይናቸው ይዩ፤ ቦታውንም በዝናብ ቀን ይጎብኙ። በበጋ ሁሉም ቦታ ደረቅ ነው። ስድስተኛ፣ ክፍያ ያስቸገራት አባል ከብት ከመሸጧ በፊት ለኮሚቴው ትንገር፤ የነገረች አባል በቅጣት ፈንታ የክፍያ ጊዜ ይራዘምላት።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ጥያቄ አለን። ቆርቆሮ እንድትሰጡን አንጠይቅም። በዓመት አንድ ቀን ውል የሚያነብልን የሕግ ባለሙያ፣ አንድ ቀን ደግሞ መሠረትና ጣሪያ የሚያይልን የግንባታ ባለሙያ ብታገናኙን ከብዙ ቆርቆሮ ይበልጥብናል። አርባ ምንጭ ሩቅ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲም ባለሙያም እዚያ አለ።

በመጨረሻ፤ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የብድር ጥያቄዋ ጠረጴዛችን ላይ ያለ አንዲት እህት ተቀምጣለች። የጠየቀችው ለሦስት ክፍል ነው። ትናንት ወደ ቤቷ ሄደን በዚህ ሒሳብ አብረን ቆጠርን። ዝም ብላ ቆየችና “እንግዲያው አንዱን ልጀምር፤ ቦዩን ግን አሁኑኑ አስቆፍራለሁ” አለችን። ጉባኤው ሐሳቡን ካጸደቀ የመጀመሪያዋ ተበዳሪ እሷ ትሆናለች።

ላሟን የሸጠችው እህታችንም እዚሁ አለች። ብድሯን ከፍላ ጨርሳለች። ሁለቱም ክፍሎቿ ዛሬ የራሷ ናቸው፤ አንደኛው ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የምትኖር ነርስ ተከራይታለች። ላም ግን ገና አልገዛችም። ስድስቱን ነጥቦች ከእኛ ጋር ቁጭ ብላ ያወጣችው እሷ ናት፤ ስድስተኛውን ብቻዋን ነው ያጻፈችን።

አሁን እጃችሁን እንድታወጡ እንጠይቃለን።